መጽሐፍ እንደ ቋሚ ንብረት፦ አርታኢው ምን ይገዛል? እንዴትስ ያተርፋል?

በሰኔ ወር 1958 ለንደን የሚገኘው የዊልያም ሃይነማን አሳታሚ ድርጅት ስሙ የማይታወቅ አንድ ናይጄሪያዊ ወጣት የደረሰውን ልብ ወለድ 2,000 ኮፒ አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። ደራሲው ቺኑዋ አቼቤ፣ መጽሐፉም «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነበር። 2,000 ኮፒ የጥንቃቄ ቁጥር ነው። ሙሉ በሙሉ ቢሸጥ ድርጅቱን ባለጸጋ አያደርገውም፤ ባይሸጥም አይጥለውም። ይሁንና ይኸው መጽሐፍ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከ50 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በመላው ዓለም የተሸጠውም ከ20 ሚሊዮን ኮፒ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ከተባሉት በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኛው ሸቀጥ ዕድሜው አጭር ነው። እህል ይነቅዛል፤ የልብስ ፋሽን ያልፋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዓመት ሳይሞላው ዋጋው ይወርዳል። አንዳንድ መጽሐፍ ግን አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ለ50 እና ለ60 ዓመት ይሸጣል። በየዓመቱ ገቢ የሚያስገባ በመሆኑም ከተራ ሸቀጥ ይልቅ የሚከራይ ቤትን ይመስላል። ልዩነቱ የቤቱ ዋጋ ሲገዛ የሚታወቅ መሆኑ ነው። የመጽሐፉን ዋጋ ግን በግዥው ዕለት የሚያውቅ የለም።

ለመሆኑ እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ በዕድል የሚገኝ ነው ወይስ በሥራ? የሥራው ባለቤትስ ማነው? የሃይነማን ታሪክ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አለው። የሚያስተምረው በአተራረፉ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ላይ ከደረሰበት ጉዳትም የሚቀሰም ትምህርት አለ።

አርታኢ፣ አሳታሚና አታሚ

በእኛ አገር ሦስቱ ስሞች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። አታሚ ማለት ማሽንና ወረቀት ያለው፣ በኮፒ ሒሳብ ተከፍሎት የሚያትም ማተሚያ ቤት ነው። መጽሐፉ ተሸጠ አልተሸጠ እርሱን አይመለከተውም። አሳታሚ ማለት ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ኪሣራውንም ትርፉንም የሚሸከመው ወገን ነው። አርታኢ ደግሞ በአሳታሚው ቤት ተቀምጦ የትኛው ረቂቅ እንደሚገዛ የሚመርጥ፣ የተገዛውን ረቂቅ ከደራሲው ጋር ሆኖ የሚያስተካክል፣ ለገበያ ሲወጣም ጠበቃ ሆኖ የሚቆምለት ሰው ነው። በነጋዴ ቋንቋ አርታኢው የድርጅቱ ዋና ገዢ ነው ማለት ይቻላል።

የሚገዛውም ወረቀት ሳይሆን መብት ነው። ደራሲው መጽሐፉን የማሳተም፣ የማስተርጎም፣ እንደ ውሉ ሁኔታም በሬዲዮና በፊልም የማቅረብ መብት ይሰጣል። አሳታሚው በምላሹ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ሽያጭ በመቶኛ የሚሰላ ድርሻ ይከፍላል። ይህ ድርሻ ሮያሊቲ ይባላል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው የንግድ መብት በገበያ ላይ ጥቂት ነው።

ግዥው፦ ሌላው ያላየውን ማየት

አቼቤ በናይጄሪያ የብሮድካስት ድርጅት ተቀጣሪ በነበረበት ጊዜ በ1956 ለሥልጠና ወደ ለንደን ሄደ። በዚያም ረቂቁን ለአንድ እንግሊዛዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ለጊልበርት ፌልፕስ አሳየ። ፌልፕስ ለአሳታሚ እንዲቀርብ ቢገፋፋውም አቼቤ ገና ነው ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ረቂቁን ካስተካከለ በኋላ በእጅ የተጻፈውን አንድያ ቅጂ በታይፕ እንዲመታለት ለንደን ለሚገኝ ድርጅት በፖስታ ላከ። ወራት አለፉ፤ መልስ ግን አልመጣም። የሥራ አለቃው የነበሩ እንግሊዛዊት ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ ድርጅቱ ድረስ ሄደው ባይቆጡለት ኖሮ ዛሬ ሚሊዮኖች የሚያውቁት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀር ነበር።

ታይፕ የተመታው ረቂቅ ወደ አሳታሚዎች ሲቀርብ የተወሰኑት ወዲያው መለሱት። ምክንያታቸው የገበያ ነበር፤ አፍሪካዊ የጻፈው ልብ ወለድ ገዢ የለውም የሚል። ሃይነማንም ቢሆን አመነታ። በቤቱ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ይሸጥ አይሸጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አዋቂ ፈለጉ። ከምዕራብ አፍሪካ ጉዞ በቅርቡ የተመለሱት የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ምሁር ዶናልድ ማክሬ ረቂቁን እንዲያነቡ ተጠየቁ። የሰጡት አስተያየት እጅግ አጭር ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ካነበቧቸው የመጀመሪያ ልብ ወለዶች ሁሉ ይህ ይበልጣል አሉ። ግዥው በዚያ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሁለት ነገር ልብ ሊል ይገባል። አንደኛ፣ «ገበያ የለውም» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ «እስካሁን የሸጠው የለም» ማለት ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያልተሞከረን ገበያ በሩቅ ሆኖ ሟች ነው ማለት ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ግምት እንጂ ጥናት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሃይነማን በጭፍን አልገዛም። የማያውቀውን ዕቃ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ፣ ከዚያም የኅትመቱን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ገባ። ድፍረቱ በመጽሐፉ ምርጫ ላይ፣ ጥንቃቄው ደግሞ በገንዘቡ መጠን ላይ ነበር።

ሒሳቡ ሲሠራ

የጥንቃቄውን ጥቅም በቁጥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ አሳታሚ ለአርትኦት፣ ለገጽ ቅንብር፣ ለሽፋንና ለማስታወቂያ 90,000 ብር ያወጣል እንበል። ይህ ወጪ 100 ኮፒም ታተመ 10,000 አይለወጥም። ወረቀትና ኅትመት ደግሞ በኮፒ 60 ብር ይፈጃል። የመሸጫው ዋጋ 200 ብር ነው። ከዚህ ላይ አከፋፋይና መደብር 35 በመቶ ወይም 70 ብር፣ ደራሲው 10 በመቶ ወይም 20 ብር ይወስዳሉ። ለአሳታሚው በኮፒ 110 ብር ይቀረዋል።

3,000 ኮፒ ቢያሳትም ጠቅላላ ወጪው 270,000 ብር ይሆናል። ይህን ለመመለስ 2,455 ኮፒ መሸጥ አለበት። ሁሉም ቢሸጥ ገቢው 330,000 ብር ስለሆነ ትርፉ 60,000 ብር ነው። 1,500 ኮፒ ላይ ቢቆም ግን ገቢው 165,000 ብር ብቻ ይሆንና 105,000 ብር ይከስራል።

አሁን ቁጥሩን ወደ 2,000 ዝቅ እናድርገው። ወጪው 210,000 ብር ይሆናል። ሁሉም ቢሸጥ ትርፉ 10,000 ብር ብቻ ነው። 1,500 ላይ ቢቆም ግን ኪሣራው ከ105,000 ወደ 45,000 ብር ይወርዳል። በሌላ አነጋገር በመጀመሪያው ኅትመት አነስተኛ ቁጥር የሚያትም ሰው ትርፉን ሰውቶ ሕይወቱን ይገዛል።

ታዲያ ትርፉ የት አለ? በሁለተኛው ኅትመት ላይ ነው። መጽሐፉ ፈላጊ አግኝቶ በድጋሚ ሲታተም የ90,000 ብሩ ወጪ የለም፤ አርትኦቱም ሽፋኑም ተከፍሎባቸዋል። ከእያንዳንዱ ኮፒ 110 ብር ገብቶ 60 ብር ይወጣል፤ 50 ብር ይተርፋል። 3,000 ኮፒ በድጋሚ ቢታተምና ቢሸጥ ትርፉ 150,000 ብር ነው። ከላይ ያየነውን የ105,000 ብር ኪሣራ ከፍሎ 45,000 ብር ያስተርፋል። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ ይቀጥላል። አሳታሚ የሚኖረው አዲስ በሚያወጣቸው መጻሕፍት ይመስላል እንጂ የሚኖረው ደጋግሞ በሚያትማቸው ነባር መጻሕፍት ነው።

ቅርጽ ማስያዝ፦ መቼ መንካት፣ መቼ መተው

መጽሐፍ እንዲኖር ከተፈለገ ረቂቁ መቅረጽ አለበት። ለዚህ የአሜሪካዊቷ የሃርፐር ሊ ታሪክ ይጠቀሳል። በ1957 የጄ. ቢ. ሊፒንኮት አሳታሚ ድርጅት የገዛው ረቂቅ ከለንደኑ በተቃራኒ ያልበሰለ ነበር። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ ረቂቁ ተስፋ ቢኖረውም እርስ በርሱ ያልተያያዘ የወጎች ስብስብ ሆኖ አገኙት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ከሁለት ዓመት በላይ ደክመዋል። ታሪኩ ከጎልማሳዋ ሴት ወደ ልጅነቷ ተዛወረ፤ ደጋግሞም ተጻፈ። በሐምሌ 1960 «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ተብሎ ወጣ፤ በ1961 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ኮፒም ተሸጠ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ጎ ሴት ኤ ዋችማን» በሚል ርዕስ በ2015 ለብቻው ታትሞ ስለወጣ ሁለቱን ማነጻጸር ለሚሻ ሁሉ ቀላል ሆኗል።

ይህን ሥራ በገንዘብ ዓይን ለሚያይ ሰው ሁለት ዓመት ከባድ ወጪ ነው። ለደራሲዋ የተከፈለው ቅድሚያ ክፍያ ያለ ወለድ ተቀምጧል፤ የአርታኢዋ ደመወዝ ይቆጠራል፤ የሚሸጥ ነገር ግን የለም። ረቂቁ በተገዛበት ዓመት እንዳለ ቢታተም ኖሮ ገንዘቡ ቶሎ ይመለስ ነበር፤ ሆኖም የሚመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆን ነበር።

በአንጻሩ ሃይነማን የአቼቤን ረቂቅ ብዙም አልነካካም። ምክንያቱም ዋናውን ቆረጣ ደራሲው ራሱ አስቀድሞ ጨርሶት ነበር። በመጀመሪያ የሦስት ትውልድ ታሪክ የያዘ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አስቦ፣ በኋላ የመጀመሪያውን ትውልድ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን አወጣው። ከወጣው ሐሳብ «ኖ ሎንገር አት ኢዝ» የተባለው ሌላ ልብ ወለድ ተወልዶ በ1960 ታተመ። ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ሁለት የታረሙ መጻሕፍት ተገኙ ማለት ነው።

ጥሩ አርታኢ በመቆረጡ አይመዘንም። ልብስ ሰፊ መቀስ ስላለው ብቻ ጨርቁን ሁሉ አይቆርጥም። የሚመዘነው ረቂቁ የሚጎድለውን በማወቅና ደራሲው ራሱ እንዲሞላው በማድረግ ነው። የኒው ዮርኩ የስክሪብነር ድርጅት አርታኢ ማክስዌል ፐርኪንስ በ1924 የስኮት ፊትዝጀራልድን «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ረቂቅ ሲያነቡ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንደ ጭጋግ እንደደበዘዘባቸው፣ ሀብቱም ከየት እንደመጣ ፍንጭ እንደሚያስፈልግ በደብዳቤ አስታወቁ። እርሳቸው ግን አንድ መስመር አልጻፉለትም። ማስተካከያውን የጻፈው ደራሲው ነው።

ገበያ ማውጣት፦ ገዢው ካለበት መድረስ

የአቼቤ መጽሐፍ በለንደን ጋዜጦች ጥሩ ተወራለት። ነገር ግን በጠንካራ ሽፋን የታተመ፣ ዋጋውም ለእንግሊዝ አንባቢ የተተመነ ነበር። ታሪኩ የተጻፈላቸው ሰዎች አልደረሳቸውም። የሃይነማን የትምህርት መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሚስተር አለን ሂል በ1959 ወደ ናይጄሪያ ሲጓዙ ይህን በዓይናቸው አዩ። አቼቤ በተማረበት በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንኳ ከዚያ የወጣ ተማሪ ትልቅ ልብ ወለድ ጽፏል ሲባሉ ማመን ያቃታቸው ነበሩ።

ሚስተር ሂል ሌላም ነገር ታዘቡ። የእንግሊዝ አሳታሚዎች በአፍሪካ በብዛት ይነግዱ ነበር። ይሁንና ሥራቸው እንግሊዝ ውስጥ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ አምጥቶ መሸጥና ትርፉን ይዞ መመለስ ብቻ ነበር። በአገሬው ደራሲ ላይ ገንዘብ የሚያፈስ አልነበረም። አገሮቹ ደግሞ ነጻነታቸውን እያገኙ፣ ትምህርት ቤት በየቦታው እየተከፈተ ነበር። አዲስ የትምህርት ሚኒስቴር የእንግሊዝን ታሪክ ብቻ እያስተማረ እንደማይቀጥል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ከዚህ ትዝብት «አፍሪካን ራይተርስ ሲሪስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት ተወለደ። ሐሳቡን ከሚስተር ሂል ጋር ሆነው ያበጁት ቫን ሚልን የተባሉ የሥራ ባልደረባቸው ናቸው። በ1962 የመጀመሪያዎቹ አራት መጻሕፍት ወጡ፤ ሁለቱ የአቼቤ፣ አንዱ የሲፕሪያን ኤክዌንሲ፣ አንዱ ደግሞ በኋላ የዛምቢያ ፕሬዚዳንት የሆኑት የኬኔት ካውንዳ ነበሩ። ሽፋናቸው ለስላሳ፣ ቀለማቸው ብርቱካናማ፣ ዋጋቸውም ተማሪ የሚችለው ነበር። በስተጀርባ የደራሲው ፎቶግራፍ አለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ፈረንጅ ወይም ሟች ነው ብሎ ላደገ ተማሪ፣ የራሱን አጎት የሚመስል ሰው ሽፋኑ ላይ ማየት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የአወጣጡ ዋና ብልሃት ግን የማከፋፈያው መንገድ ነው። ሃይነማን ለልብ ወለድ አዲስ የሽያጭ መረብ አልዘረጋም። የመማሪያ መጽሐፍ ይዘው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞሩት ወኪሎቹ በዚያው ቦርሳቸው ብርቱካናማዎቹን መጻሕፍት ጨመሩ። መጽሐፉ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ሲገባ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ፣ በየዓመቱም አዲስ ገዢ መጣ። አንድ ጊዜ የተገኘ ደንበኛ ሳይሆን በየመስከረሙ የሚታደስ ደንበኛ ተፈጠረ።

በተከታታይ ማሳተሙም ራሱን የቻለ ጥቅም ነበረው። ያልታወቀ ደራሲ ለብቻው ሲወጣ ገዢው ያመነታል። በታወቀ ረድፍ ውስጥ ተቆጥሮ ሲወጣ ግን የአቼቤን መጽሐፍ የወደደ ሁሉ ቀጣዩን ቁጥር ያነሳል። ረድፉ ራሱ የንግድ ምልክት ሆነ።

ለዚህ ደግሞ መራጩ የታመነ መሆን ነበረበት። የረድፉ አርታኢ ራሱ አቼቤ ሆነ። ለአሥር ዓመት፣ እስከ 1972 ድረስ፣ ያለ ደመወዝ 100 መጻሕፍት እስኪሞሉ ሠራ። በሰኔ 1962 ካምፓላ በሚገኘው በማኬሬሬ በተካሄደው የጸሐፊዎች ጉባኤ ላይ ጄምስ ንጉጊ የተባለ ተማሪ ረቂቁን ይዞ ወደ አቼቤ መጣ። አቼቤ አንብቦ ወደደው። ቫን ሚልን ወደ ለንደን ስልክ ደወሉ፤ ሚስተር ሂልም ረቂቁን ሳያዩ በአርታኢያቸው ቃል ተማምነው ይሁንታ ሰጡ። መጽሐፉ «ዊፕ ኖት፣ ቻይልድ» በሚል ርዕስ በ1964 ወጣ። ተማሪው በኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በሚል ስም ዓለም ያወቀው ነው። ጥሩ ገዢ ያለው ድርጅት ዕቃ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ዕቃው ራሱ ይመጣለታል።

ከአገራችንም ሁለት ደራስያን በእንግሊዝኛ በጻፏቸው ልብ ወለዶች ወደዚህ ረድፍ ገብተዋል። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» በ1969፣ የ«አደፍርስ» ደራሲ የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» ደግሞ በ1973 ታትመዋል።

የሞተ የመሰለው ሲነሣ

ማቆየት የሚባለው ሥራ ከሁሉ ያነሰ የሚታይ ነው። «ዘ ግሬት ጋትስቢ» በ1925 ሲወጣ መጀመሪያ 20,870 ኮፒ፣ በነሐሴም 3,000 ኮፒ ታተመ። ደራሲው በ1940 ሲሞት ከሁለተኛው ኅትመት ያልተሸጡ ኮፒዎች ገና በአሳታሚው መጋዘን ነበሩ። በዚያን ቀን ሒሳቡን የዘጋ ሰው መጽሐፉ ወድቋል ቢል ማንም አይፈርድበትም። በጦርነቱ ጊዜ ግን ለአሜሪካ ወታደሮች በኪስ መጽሐፍ መልክ 155,000 ኮፒ ታትሞ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ያዙት፤ ዛሬም ይሸጣል።

ለዚህ ዓይነቱ ትንሣኤ ከአገር ቤት ምሳሌ ማጣት አይቻልም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ከዓመታት በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውም ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ የታሪኩ ባለቤት ሆነ። በሁለቱም ምሳሌዎች ጽሑፉ አልተለወጠም። የተለወጠው ወደ ሕዝብ የደረሰበት መንገድ ነው። መብቱን ሳይጥል የያዘ ወገን እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ይጠቀማል። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ያረፉ በመሆናቸው ከላይ በተጠቀሰው አዋጅ ስሌት መብታቸው እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ የሚቆይ ነው።

ኪሣራው ከየት መጣ?

የሃይነማን ረድፍ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት አፈራ። በ1967 ሥራውን የተቀላቀሉት ሚስተር ጄምስ ከሪ ለንደንን፣ ኢባዳንንና ናይሮቢን በማስተባበር ረቂቅ በሦስቱም ከተሞች እንዲነበብ አደረጉ። ይሁንና ንግዱ ከሁሉ በላይ በአንድ ገበያ ላይ ተደግፎ ነበር። ያ ገበያ ናይጄሪያ ነው።

የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የናይጄሪያ መንግሥት በ1982 የውጭ ምንዛሪ በሩን ዘጋ። ትምህርት ቤቱ አለ፤ ተማሪው አለ፤ የመጽሐፉ ፍላጎት እንደነበረ ነው። ናይራው ግን ወደ ፓውንድ ሊመነዘር አልቻለም። የተሸጠው መጽሐፍ ሒሳብ ሳይከፈል ቀረ፤ አዲስ ማዘዝም አልተቻለም። ውጭ ከሚገኝ አቅራቢ ጋር በብድር የሠራ የመርካቶ አስመጪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ደንበኛ ሳይከዳ፣ ዕቃ ሳይበላሽ፣ ንግድ በባንክ መስኮት ላይ ሊቆም ይችላል።

በዚያው ሰሞን፣ በ1983፣ የሃይነማን ባለቤት የነበረው ኩባንያ ቢ.ቲ.አር. በተባለ የኢንዱስትሪ ኩባንያ ተጠቀለለ። አዲሶቹ ኃላፊዎች የሚያዩት የዓመቱን ሒሳብ ነው። በዓመት የሚወጡት አዲስ መጻሕፍት ቁጥር ወደ አንድና ሁለት እንዲወርድ ተደረገ። ሚስተር ከሪም በ1984 ለቀው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ረድፉ ከዚያ በኋላ በዋናነት የኖረው ቀድሞ በተገዙት፣ ወጪያቸው በተመለሰው ነባር መጻሕፍት ነው። የሚያሳዝነው አዲስ ግዥ ሲቆም ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። የዛሬው ሒሳብ ያማረ ይመስላል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደጋግሞ የሚታተመው መጽሐፍ ግን አልተገዛም።

ናይሮቢ ያሳየችው መንገድ

የኬንያው ቅርንጫፍ ዕጣ ከዚህ ይለያል። በ1972 ሥራ የጀመሩት ሚስተር ሄንሪ ቻካቫ እዚያው መርጠው፣ እዚያው አሳትመው፣ በሽልንግ የሚሸጡ መጻሕፍትን አበረከቱ። በ1980 ንጉጊ በእስር ቤት ሳለ በጊኩዩ ቋንቋ የጻፈውን «ካይታኒ ሙታራባይኒ» አወጡ። ለዚህ ውሳኔያቸው ዛቻና አካላዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በሒሳብ ረገድም አጠራጣሪ ነበር፤ በአገር በቀል ቋንቋ የተጻፈ ረጅም ልብ ወለድ ማን ይገዛል? 5,000 ኮፒ ታተመ፤ በአንድ ወር ገደማ አለቀ። በዚያው ዓመት በድጋሚ 5,000፣ ቀጥሎም ሌላ 5,000 ታተመ። በገበሬው ቤትና በመጠጥ ቤት አንድ ሰው እየጮኸ ሲያነብ ሌላው ይሰማ ነበር።

በ1992 ሚስተር ቻካቫ ድርጅቱን ከእንግሊዞቹ ገዝተው «ኢስት አፍሪካን ኤዱኬሽናል ፐብሊሸርስ» በሚል ስም ኬንያዊ አደረጉት። የለንደኑ ረድፍ ሲመነምን የናይሮቢው ንብረት በአገሬው እጅ ቀረ።

ለእኛ ገበያ ምን ይላል?

በአገራችን ብዙ ጊዜ አሳታሚው ደራሲው ራሱ ነው። ጥሪቱን ወይም ከዘመድ የተበደረውን ገንዘብ ይዞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ የታተመውን ለአከፋፋይ በዱቤ ይሰጣል፤ ከዚያ ሒሳብ ለመሰብሰብ ይዞራል። ግዥውም፣ አርትኦቱም፣ ሽያጩም፣ ኪሣራውም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነው። መጽሐፉ አልቆ ቢፈለግ እንኳ ገንዘቡ በአከፋፋዮች እጅ ተበታትኖ ስለሚቆይ የድጋሚ ኅትመቱ ይዘገያል። ከላይ እንዳየነው ደግሞ ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ደራሲው ዋናውን ወጪ ከፍሎ ዋናው ትርፍ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ክፍተት ባለበት ለባለ ገንዘብ ሥራ አለ። ሊገባበት የሚያስብ ሰው ግን ከዚህ ታሪክ የሚከተሉትን ቢይዝ አይጎዳም።

1. የማያውቁትን ረቂቅ ለሚያውቅ አንባቢ ሳያስነብቡ አለመግዛት። ለአንድ አንባቢ የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ያልተሸጠ ክምር ዋጋ ያንሳል።

2. በመጀመሪያው ኅትመት መጠንቀቅ፣ ለሁለተኛው ግን ጥሬ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ። ፈላጊ ያገኘ መጽሐፍ ለስድስት ወር ከገበያ ቢጠፋ አንባቢው ይረሳዋል፤ አለዚያም በሕገ ወጥ መንገድ የተባዛውን ይገዛል።

3. ለአርትኦት የሚወጣውን ጊዜና ገንዘብ እንደ ብክነት ሳይሆን እንደ ቤት መሠረት ማየት። ቤቱ ካለቀ በኋላ መሠረት አይጣልም።

4. ከመጽሐፉ በፊት መንገዱን ማሰብ። ትምህርት ቤት፣ ሬዲዮ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ በውጭ አገር የሚኖረው ማኅበረሰብ፣ እያንዳንዱ የራሱ ወኪልና የራሱ ዋጋ ያስፈልገዋል።

5. ውልን በጽሑፍ፣ የደራሲውንም ድርሻ በወቅቱ። የተከፈለው ደራሲ ሁለተኛውን ረቂቅ ወደዚያው ቤት ያመጣል።

6. በአንድ ገዢና በአንድ ገበያ ላይ አለመደገፍ። ሃይነማንን የጎዳው መጥፎ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ የባንክ መስኮት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ገንዘቡን በሦስት ወር አዙሮ ማውጣት የለመደ ነጋዴ እዚህ ገበያ ቢገባ ይሰለቻል፤ ምናልባትም ይከስራል። ለልጆቹ ቤት ሠርቶ ማውረስ የሚሻ ሰው ግን ሒሳቡ ይገባዋል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነገ ጠዋት አንድ ያልታወቀ ደራሲ ረቂቁን በፌስታል ይዞ በሩን ሲያንኳኳ፣ «ገበያ የለውም» ብሎ ከመመለሱ በፊት ቢያንስ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል።